የሰፈራችን ግቢ ይረጭ ወይስ ይቅር?

የማንጎዋ ግቢ፦ ሰላም ጎረቤቶች። ትናንት ብር እየሰበሰባችሁ ቤት ለቤት ለዞራችሁ ልጆች መልሴን እዚሁ ልጻፈው። ላልሰማችሁ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ቤት 300 ብር ያዋጣል፣ የሚረጭ ሰው ይመጣል፣ ክረምቱ ሳይወጣ የሁላችንም ግቢ፣ ዛፉም አበባውም ይረጫል። ለቢንቢ ተብሎ። እኔ አልከፍልም። ከስስት አይደለም። ሦስት ዓመት ሙሉ ጠብታ መርዝ ያልነካው ግቢ አለኝ፣ እሱን በአንድ ከሰዓት ማጣት አልፈልግም። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ሰማያዊው በር፦ አቦ! አንቺ ወፍ ታጠጫለሽ፣ እኛ ልጅ እናስታምማለን። በ2014 ወባ ሲነሳ ሁለቱም ልጆቼ ተኝተውብኛል። ያኔ ወፍ የቆጠረልኝ የለም። ደግሞ ማንጎሽ ሥር ውሃ በሳህን ታስቀምጫለሽ፣ ባይኔ አይቻለሁ። ቢንቢው የሚፈለፈለው እዚያ ነው።

የማንጎዋ ግቢ፦ ልጆችህ እንኳን ተረፉልህ። የሳህኑ ነገር እውነት ነው፣ ውሃ ከቆመ ቢንቢ ይፈለፈልበታል። ለዚህ ነው በየሁለት ቀኑ ደፍቼ፣ በዕቃ ሽቦ ፈትጌ የምሞላው። በኛ ሙቀት እንኳ ከእንቁላል ተነስቶ ክንፍ እስኪያወጣ ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል። በሁለት ቀን አይደርስም። አሁን እኔ ልጠይቅህ፤ በርህ ጎን ያለው ክዳን የሌለው በርሜል መጨረሻ የተፈተገው መቼ ነው?

ሰማያዊው በር፦ ውሃ በፈረቃ እየመጣ? ደፍቼው በምን ልታጠብ?

ነርሷ፦ እዚህ ላይ ልግባ። በ2014 ድሬዳዋን ያመሳት ወባ የተያያዘው አኖፌለስ ስቴፈንሲ ከምትባለው ትንኝ ጋር ነው። በአገራችን መጀመሪያ የተገኘችው በ2009 ሶማሌ ክልል፣ ቀብሪደሃር ላይ ነው። የከተማ ትንኝ ናት፣ ረግረግ አትፈልግም። በርሜል፣ ሮቶ፣ የግንባታ ውሃ ማጠራቀሚያ ይበቃታል። የማንጎ ቅጠል ላይ ብትረጩ በርሜል ውስጥ ያለው እጭ ምኑም አይነካ። ብዙዎቹን ኬሚካሎችም ለምዳቸዋለች። ደንጊ የሚባለውን ትኩሳት የምታስተላልፈዋ ትንኝ ደግሞ ሌላ ናት፣ ቀን ነው የምትነክሰው። የሷ እንቁላል የበርሜሉ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ፣ ውሃው ደርቆም ይቆያል። መድፋት ብቻ ሳይሆን መፈተግም ያለበት ለዚህ ነው። አንድ ነገር ግን አደራ፤ ከጤና ቢሮ መጥተው የቤት ውስጥ ግድግዳ ሲረጩ በር እንዳትዘጉባቸው። እሱ ሌላ፣ ይሄ ሌላ።

ጋሽ ሽሚንደፈር፦ ልጆች፣ እኔ ምድር ባቡር ስሠራ ከዚራ ሰፈር ግቢው ሁሉ ዛፍ ነበር። አሁን ሰው አፈሩን በሲሚንቶ ለብጦ ሙቀት በዛብኝ ይላል። ዛፉን አልጠላም። ግን አምና ከዚችው ከማንጎዋ ግቢ እባብ ተሻግሮ እኔ በረንዳ ላይ ተጠቅልሎ አግኝቼዋለሁ። እሱንም ውሃ አጠጡት እንዳትሉኝ።

የማንጎዋ ግቢ፦ ጋሼ፣ የዚያን ጊዜ ጥፋቱ የኔ ነው፣ አልክድም። ብስባሽ ላዘጋጅ ብዬ የወጥ ቤት ትራፊ አጥሩ ሥር ክፍቱን ከመርኩ። የተረፈ እንጀራ ሳይቀር ጣልኩበት። አይጥ ተሰበሰበ፣ እባቡም አይጡን ተከትሎ መጣ። አሁን ልጣጭና ቅጠል ብቻ ነው የማስገባው፣ ያውም ጎኑ በተበሳ፣ ክዳን ባለው በርሜል፣ ከእርስዎ አጥር ርቆ። ዘንድሮ አይተውብኛል?

ጋሽ ሽሚንደፈር፦ ዘንድሮስ አላየሁም።

ባለ ቃሪያው፦ እኔ ቢንቢውን ተውኩት። ቃሪያዬን ክሽክሽ የሚባለው ትንሽ ተባይ ጨረሰው። አምና አስረጨሁ፣ ለሁለት ሳምንት ጠፋ፣ ከዚያ ብሶበት መጣ። ሳይረጩ እንዴት ይሆናል?

የማንጎዋ ግቢ፦ ቅጠሉን ገልብጠህ አይተህ ታውቃለህ? እኔ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቡናዬን ይዤ ቁጭ ብዬ አየሁት። ክሽክሹ ቅጠሉ ሥር ተደርድሮ ይመጣል። ጉንዳን በመሀሉ ይመላለሳል፣ ከክሽክሹ የሚወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ፈልጎ ነው፣ እንደ ከብት ይጠብቀዋል። በኋላ ጀርባዋ ቀይ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ያለባት ትንሽ ጢንዚዛ መጣች። ያንዱን ቅጠል ክሽክሽ አንድ በአንድ ለቀመችው። መርዙ እሷንም ይገድላል። ክሽክሹ ግን ቶሎ ይራባል፣ እሷ ቶሎ አትመለስም። ብሶበት መጣ ያልከው ይሄው ነው።

ባለ ቃሪያው፦ እሺ፣ ጢንዚዛዋ እስክትመጣ ቃሪያው ካለቀስ?

የማንጎዋ ግቢ፦ መጀመሪያ በውሃ ግፊት እጠበው፣ ግማሹ ይወርዳል። ካልሆነ ኒም። ድሬ መቼ ኒም አጥታ ታውቃለች? የደረቀውን ፍሬ ቅርፊቱን አውጥተህ ትወቅጠዋለህ። 50 ግራም ለ1 ሊትር ውሃ። አሳድረህ በነጠላ ታጠልና ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ጠብ አድርገህበት ማታ ትረጨዋለህ። ማታ የምልህ ፀሐይ ኃይሉን ስለሚያጠፋው ነው፣ ንቦቹም ገብተዋል። ሽታው አይጣል ነው፣ አስቀድሜ ልንገርህ።

ነርሷ፦ ከተፈጥሮ ነው ብላችሁ ግን የልጅ እጅ የሚደርስበት ቦታ እንዳታስቀምጡት። የኒም ዘይት የዋጠ ሕፃን ክፉኛ ሊታመም ይችላል።

ሰማያዊው በር፦ ይኸው! ያንቺም መርዝ ነው ማለት ነው።

የማንጎዋ ግቢ፦ አልካድኩም። ቃሪያው ላይ ነው የምረጨው፣ ሰፈሩ ላይ አይደለም። ደግሞ አንተ ጫት ስትገዛ «መድኃኒት ተረጭቶበታል?» ብለህ ሦስቴ ጠይቀህ፣ ቤት ወስደህ አጥበህ ነው የምትቅመው። ልጆችህ የሚጫወቱበት ግቢ ላይ ሲሆን እንዴት ዝም አልክ?

ባለ ቃሪያው፦ 😂 ይሄኛው ገባ።

ሰማያዊው በር፦ እሺ፣ ሳቁ። በርሜሉን ክዳን አሠራለታለሁ። ርጭቱን ግን አልተውም፣ ብሩን ከፍያለሁ። የኔን ግቢ አስረጫለሁ።

የማንጎዋ ግቢ፦ አጥራችን አንድ ነው፣ ነፋሱም ከናንተ ወደኛ ነው። ላስቀርህ አልችልም። ቢያንስ አበባ ያወጣውን አታስነካ። ሰውየው ጨለምለም ሲል ይምጣ፣ አሁን ንቦቹ በሶብላው ላይ ናቸው።

ሰማያዊው በር፦ ሐሙስ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ልበለው?

የማንጎዋ ግቢ፦ ይሁን። በ12 ሳህኑን አነሳዋለሁ።

ነርሷ፦ የበርሜሉ ክዳን ክፍተት ካለው ዋጋ የለውም፣ ትንኟ በጠባብ ቀዳዳም ትገባለች። ከሥሩ ጨርቅ ወጥራችሁ እሰሩበት።

ጋሽ ሽሚንደፈር፦ ለክዳን የሚሆን ቆርቆሮ እኔ ጋ አለ። ትልቁን ልጅህን ነገ ጠዋት ላክልኝ፣ ሙቀቱ ሳይመጣ።