አንድ ፊልም የእማዬን ሕመም ቀሰቀሰብኝ፤ ልጨርሰው ወይስ ልተወው?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እማዬ በጡት ካንሰር ካረፈች ዓመታት አልፈዋል። ሐዘኑ ወጥቶልኛል ብዬ ነበር። ሰሞኑን ግን «ኤ ሞንስተር ኮልስ» የሚለውን እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ፊልም ከፈትኩና እንቅልፍ አጣሁ። ኮኖር የሚባል ልጅ አለ፤ እናቱ ካንሰር ይዟታል። ሌሊት ሌሊት አንድ ግዙፍ ዛፍ እየመጣ ተረት ይነግረዋል። በመጨረሻ ግን «አሁን እውነቱን አንተ ተናገር» ብሎ ያፋጥጠዋል። እውነቱ ምን መሰላችሁ? ልጁ እናቱን ከልቡ ይወዳታል፤ ግን መጠበቁ ስላንገፈገፈው እንዲያበቃለት ፈልጓል።

እዚያ ላይ አቆምኩት። እኔም ተመኝቼው አውቃለኋ! ኬሞው ጣቶቿን አደንዝዞባት የሹራቧን ቁልፍ መቆለፍ አቅቷት ነበር። እኔ ስቆልፍላት አገጯን ቀና አድርጋ ትጠብቀኛለች። አንድ ቀን የላይኛውን ቁልፍ ይዤ «በቃ፣ ይለቅልን» አልኩ በሆዴ። እሷ ፈገግ አለችልኝ። ለማንም ተንፍሼው አላውቅም። አሁን ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣብኝ እሱ ብቻ ነው። ያቺ የምትቆጣው፣ የምትስቀው እማዬ የት ሄደች?

መልስ 1፦
እህቴ፣ ነፍስ ይማር። እኔ አባቴን በሳንባ ካንሰር ነው ያጣሁት። እኔን የቀሰቀሰኝ ደግሞ ስለ ሕመም ጨርሶ የማያወራ ፊልም ነው። አንዱ ተዋናይ ደረቅ ሳል ሳለ፤ አለቀ። ሳላስበው ተነስቼ ወደ አባቴ ክፍል መሄድ ጀምሬ ነበር። «ይለቅልን» ያልሽው እኮ በሽታውን ነው፤ እሷን አይደለም። ፊልሙን ጨርሺው፤ ግን ብቻሽን አይሁን።

መልስ 2፦
የካንሰር ሕሙማን ክፍል ነርስ ነኝ። «ምነው ባረፈችልኝ» የሚለውን ኮሪደር ላይ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። የሚሉት ደግሞ ጥለው የጠፉት አይደሉም፤ አልጋው ሥር የሚያድሩት ናቸው። የጣቶቹ መደንዘዝም የታወቀ ነው፤ ፓክሊታክሴል የሚባለው መድኃኒት ነርቭ ይጎዳል። የሚገርመው፣ መድኃኒቱ መጀመሪያ የተገኘው የዚያ የፊልሙ ዛፍ ዘመድ ከሆነ ሌላ ዛፍ ልጥ ነው። የታሪኩን ሐሳብ ያፈለቀችው ሺቮን ዳውድም ሳትጽፈው እ.ኤ.አ. በ2007 በጡት ካንሰር አረፈች። መጽሐፉን ጽፎ የጨረሰው ደራሲው ፓትሪክ ኔስ ነው፤ ፊልሙም ከዚያ መጽሐፍ የተሠራ ነው። ስለዚህ ያቺን የልጁን ቃል አትፍሪያት፤ የታሪኩ ሐሳብ ሕመሙን በቅርብ ከሚያውቅ ሰው የመጣ ነው። ጤነኛዋ እናትሽ ደግሞ ትመለሳለች። የሚያውቃት ሰው ፈልጊና ስለ እሷ አውሩ።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ወንድሜ ጋ ደውዬ ሁሉንም ነገርኩት። ዝም ብሎ ቆየና «እኔም ብያለሁ» አለኝ። ከዚያ ጫማ ሳናወልቅ ስንገባ እንዴት ትጮህብን እንደነበር እያነሳን አመሸን። ድምፅዋን እሱ በደንብ ያስመስላል። ፊልሙን ቅዳሜ እሱ ቤት እንጨርሰዋለን።