ለቢላዋ መሳያ የትኛው የቀበቶ ማሽን ይሻላል?

ሳዩ ከሰኞ ገበያ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ሰኞ ገበያ አጠገብ፣ በላሜራ በተሠራች ጠባብ ቤት ውስጥ ቢላዋ፣ መቀስና መጥረቢያ እስላለሁ። ሥራውን ከአባቴ ነው የወረስኩት። እሱ በእግሩ እየረገጠ የሚያዞራት ድንጋይ ነበረችው፤ እኔ ዘመናዊ ልሁን ብዬ ከአምስት ዓመት በፊት ሁለት ድንጋይ በተገጠመለት ዲናሞ ለወጥኳት። የአባቴ ድንጋይ በቀስታ የምትዞርና ውሃ የሚንጠባጠብባት ስለነበረች አንድም ቢላዋ አቃጥላ አታውቅም። የእኔዋ በደቂቃ 2800 ጊዜ ትዞራለች።

በፋሲካ ዋዜማ አንድ ሥጋ ሻጭ ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ ካራውን አመጣልኝ። ወረፋው ረጅም ነበርና ቸኮልኩ። ጫፉ ላይ ሁለት ጣት የሚያህል ቦታ ሰማያዊ ሆነብኝ። ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት አሽቼ አጠፋሁና ሰጠሁት (ይህን ስጽፍ አፍራለሁ)። በሦስተኛው ቀን ተመልሶ መጣ። አልጮኸም፣ አልተሳደበም፤ ካራውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ጫፉን ብቻ አሳየኝ። እንደ ቆርቆሮ ታጥፎ ነበር።

አሁን ወደ ቀበቶ ማሽን (እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚያሽ ቀበቶ በሩጫ የሚዞርበት) መዞር እፈልጋለሁ። ያየኋቸው ሦስት ናቸው። አንደኛው አናጢዎች በእጅ የሚገፉት፣ 75 በ533 ሚሊሜትር ቀበቶ የሚወስደው ነው፤ ፒያሳ ሱቅ ውስጥ አለ። ሁለተኛው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ ቀበቶው 25 በ762 የሆነ ትንሽ ማሽን ነው፤ ነጋዴው ከአዲስ አበባ አስመጣልሃለሁ ብሎኛል። ሦስተኛው ቶርኖ ቤት ማሠራት ነው። ስንት ዋት ይበቃኛል? ቀበቶስ የትኛውን ልግዛ? አረፋ ከመድረሱ በፊት መጀመር አለብኝ፤ በዚያ ሰሞን የሚመጣልኝን ካራ ብዛት የደሴ ሰው ያውቀዋል።

አናጢው ከቧንቧ ውሃ፦

ወንድሜ፣ ባለ 75 በ533ቱን ለጣውላ ስጠቀምበት ስምንት ዓመቴ ነው። ከማሽኑ በፊት ቀበቶውን ጠይቅ። እኔ በምገዛባቸው ሱቆች 60፣ 80፣ 100 እና 120 ቁጥር ሁልጊዜ ይገኛል (ቁጥሩ ሲያንስ ሻካራ፣ ሲበዛ ለስላሳ ነው)። ከ240 በላይ የሆነውን ግን አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው አደራ ብዬ ነው የማስመጣው። የትንሹን ማሽን ቀበቶ፣ ማለትም ባለ 25 በ762ቱን፣ ደሴ ውስጥ አንድም ቀን አይቼው አላውቅም። ነጋዴው ከማሽኑ ጋር ሦስት ቀበቶ ይሰጥህ ይሆናል፤ ሦስቱ ሲያልቁ ማሽኑ የጠረጴዛ ጌጥ ይሆንብሃል።

አንድ ነገር ደግሞ ተጠንቀቅ። የአቧራ ከረጢቱን አውልቅ። ጎረቤቴ በእኔ ማሽን መጥረቢያ ሊስል ተውሶ ወሰደው፤ ከረጢቱ ውስጥ የዋንዛ ብናኝ ነበረበት። ፍንጣሪው ገባና ውስጥ ለውስጥ ሲጨስ ቆይቶ ከረጢቱን በላው። እግዜር ያወጣው ሱቄን ነው።

ጡረተኛው ቶርኖ ሠራተኛ ከኮምቦልቻ፦

ልጄ፣ ያሸኸው ቀለሙን ነው፤ ብረቱ እንደተቃጠለ ነው የቀረው። እንዲህ ያለ ብረት በእሳት ግሎ ይነከርና ከዚያ በ200 ዲግሪ አካባቢ እንደገና ሞቆ ነው ጥንካሬው የሚስተካከለው። ስትስል የገለባ ቢጫ ካየህ 220 ዲግሪ አካባቢ ደርሰሃል። ሰማያዊ ካየህ 300 አካባቢ ነህ። ያ ቦታ ከእንግዲህ ስለት አይዝም፤ ሰማያዊው የነበረበት ብረት በሙሉ ተበልቶ እስኪያልቅ በቀስታ ከመሳል በቀር ቀላል መድኃኒት የለውም። የማይዝገው ብረት ደግሞ ይብሳል፤ ሙቀቱን ወደ ጀርባው ቶሎ ስለማያሳልፍ ስለቱ ላይ ይከማቻል።

ስለዚህ ዋቱን ተወውና ቀበቶው በደቂቃ ስንት ሜትር እንደሚሮጥ ጠይቅ። ባለ 25 በ762ቱ ማሽን ብዙውን ጊዜ 1000 ሜትር ገደማ ይሮጣል። የአናጢው ማሽን ግን በአብዛኛው ከ200 እስከ 400 ሜትር ነው፤ ፍጥነት መቀነሻ ያለውም ሞልቷል። ለስለት ቀርፋፋው ይሻላል። የአባትህ ድንጋይ የምታውቀው ነገር ይኸው ነበር።

ማሠራት ካማረህም ሒሳቡ ቀላል ነው። እኔ ለራሴ የሠራሁት በ1400 ዙር ዲናሞና ባለ 80 ሚሊሜትር ሩሎ (ቀበቶው የሚዞርበት ድቡልቡል) ነው። 3.14ን በ0.08፣ ያንን በ1400 ስታባዛው 350 ሜትር ገደማ ይመጣል። ያንኑ ሩሎ አሁን ባለህ 2800 ላይ ብትገጥመው 700 ይሆናል፤ ደግመህ ታቃጥላለህ። ዲናሞ ስትገዛ ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ሳታነብ ብር አትቁጠር። ለቶርኖ ቤቱም አንዱ ሩሎ መሀሉ በትንሹ እንዲያብጥ ንገረው። ዝርግ ከሆነ ቀበቶው ወደ ጎን እየሸሸ ይወጣል። እኔ በዚህ ምክንያት ሦስት ወር ሙሉ ኩሽኔት ስቀያይር ከርሜ፣ ጥፋቱ የራሴ ሩሎ ሆኖ ተገኘ፤ ያውም ሠላሳ ዓመት ቶርኖ ላይ ቆሜ።

ቀበቶውን በተመለከተ፣ ጀርባው ጨርቅ የሆነውን ቡናማውን አሉሚኒየም ኦክሳይድ ውሰድ፤ ለቢላዋ ይበቃል። ሰማያዊውን ዚርኮኒያ ይሸጡልህ ይሆናል፤ እሱ ብረት በኃይል እየተጫኑ ለመብላት የተሠራ ነው፤ አንተ ግን መጫን የለብህም። 120ው ለተሸረፈ፣ 240ው ለዶለዶመ፣ 400ው ለመጨረሻው ነው። ሥጋ ሻጭ ከዚያ በላይ ማለስለስ አያስፈልገውም፤ ጥቂት ሻካራነት ሥጋውን ይይዝለታል። ከጀርባው ቀስት ከተሳለበት በቀስቱ አቅጣጫ ግጠመው፤ አለዚያ መጋጠሚያው ይላቀቃል።

አሳሳሉ ላይ አንድ ነገር አትርሳ። ማሽኑን ገልብጠህ ስታስረው ቀበቶው ከአንተ እየሸሸ ወደ ፊት ይሂድ፤ ስለቱም ወደዚያው ይዙር። ቀበቶው ከጀርባ ወደ ስለት ማለፍ አለበት። ስለቱን ፊት ለፊት ከሰጠኸው ቀበቶውን ይሰነጥቅና ቢላዋው ከእጅህ ተነጥቆ ሊወረወር ይችላል። ወርዱ 40 ሚሊሜትር ለሆነ ቢላዋ ጀርባውን 14 ሚሊሜትር ያህል ከፍ ብታደርገው 20 ዲግሪ ይሆንልሃል። ስለቱን በማርከር ቀባው፤ ቀለሙ የት እንደተበላ ስታይ እጅህ ያዘነበለበትን ታውቃለህ። በባዶ እጅህ ያዝ፣ ጓንት አታድርግ፤ ጣትህን ሲፈጅህ ስለቱ ሞቋልና ውሃ ውስጥ ንከረው። በማዶው በኩል ስስ የብረት ጸጉር በጣትህ ሲዳሰስህ ጎኑን ቀይር።

የሆቴል ምግብ አብሳይ ከኮምቦልቻ፦

እኔ ማሽን አላውቅም፤ ቢላዋ አምጪዎቹ እኛ ስለሆንን ግን አንድ ነገር ልበል። የሽንኩርት ቢላዋዬ ሁለት ዓመት ሳይሞላው እንደ ሰንጢ ቀጥኖ ቀረ። የሚስሉልን ሰዎች ፍንጣሪው ሲበዛ ሥራ የሠሩ ይመስላቸዋል። ለዶሮ ወጥ ሽንኩርት ስከትፍ የሚያስፈልገኝ ስለት ነው፤ ብረቱን ግን በገንዘቤ ነው የገዛሁት። እባክህ ወንድሜ፣ ደህና ቢላዋ ሲመጣልህ ያንን 120 የተባለውን አታስነካው።

ሳዩ ከሰኞ ገበያ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)፦

እጅግ አመሰግናለሁ። የአናጢውን ማሽን ገዛሁ። ከረጢቱን አውልቄ፣ በጀርባው አስተኝቼ በጣውላ ማቀፊያ ጠረጴዛው ላይ አሰርኩት። ፍጥነቱን መጨረሻው ድረስ ቀነስኩት። 240 እና 400 ቁጥር ከአዲስ አበባ በሹፌር አስመጣሁ። እናቴን ሦስት ቢላዋ ለምኜ ተለማመድኩባቸው፤ የሁለቱ ጫፍ እንደ ማንኪያ ዞረ። ቢላዋውን እየጎተትኩ ጫፉን ከቀበቶው ጠርዝ አሳልፈው ስለነበር ነው። አሁን ጫፉ ቀበቶው መሀል ሲደርስ አነሣዋለሁ።

ጋሼ፣ ያንን ካራም አስመጣሁት። ሰማያዊ የነበረውን በ120 በልቼ ለመጨረስ፣ ሁለት ጊዜ በገፋሁ ቁጥር ውሃ ውስጥ እየነከርኩ፣ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ስድስት ሚሊሜትር ያህል ቀንሷል። ገንዘብ አልተቀበልኩም። ሥጋ ሻጩ ጎድን ላይ ሞከረውና "አሁን ቆረጠ" ብሎ ሄደ። በማግስቱ ሌሎች አራት ላከልኝ።

የቀረኝ የመጨረሻው ማለስለሻ ነው። ከጫማ ሠሪ ቆዳ ገዝቼ እንደ ቀበቶ አጣብቄ ማሽኑ ላይ ገጠምኩት፤ መጋጠሚያው በዞረ ቁጥር ቢላዋውን ያነጥረዋል። ምን ላድርግ?

ጡረተኛው ቶርኖ ሠራተኛ ከኮምቦልቻ፦

ጫፍና ጫፉን በሰያፍ ቁረጥ፣ ሁለቱንም አቅጥነህ ደራርባቸው፤ ሲደራረቡ ውፍረታቸው ከሌላው ቆዳ ጋር እኩል ይሁን። ያም ካልሆነልህ ቆዳውን ጣውላ ላይ ለጥፈህ፣ አረንጓዴውን የማለስለሻ ቅባት ቀብተህ በእጅህ ጎትት። ስለቱ ከኋላ ይከተል። በየጎኑ አሥር ጊዜ ይበቃል። እኔ ማሽኑ እያለኝ ዛሬም የማደርገው እንደዚያ ነው።