ያቺን ቀልድ ላጥፋት ወይስ ልተዋት?

የጉለሌው፦ ሰዎች፣ ምክር ፈልጌ ነው። ባለፈው ቲክቶክ ላይ አንድ ደቂቃ የማትሞላ ቀልድ ለቅቄ ነበር። ጋቢ ለብሼ፣ የአያቴን መቋሚያ ይዤ፣ ኔትወርክ ጠፋብኝ ብዬ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እያልኩ በምህላ ዜማ እለምናለሁ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ስድቡ መጣ። «መናፍቅ» ተባልኩ፤ እኔ እኮ በየዓመቱ ለከተራ ጃንሜዳ የማድር ሰው ነኝ! ስድቡንስ ችዬዋለሁ። ያልቻልኩት አያቴን ነው። የአክስቴ ልጅ አሳየቻቸው። ምንም አላሉኝም። መቋሚያቸውን ከቆመበት ጥግ አንስተው አልጋ ሥር ከተቱት። ላጥፋት? ካጠፋሁ ደግሞ ተሳዳቢ ያሸነፈ ይመስለኛል።

ሀኒ፦ እንዳታጠፋ! ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ላይ ሐሳብን በሥነ ጥበብም መግለጽ መብት ነው ይላል። ዛሬ በዚህ ዝም ካልክ ነገ የአጥቢያውን ሒሳብ መጠየቅም «ድፍረት» ይባላል።

በላይ፦ ሀኒ፣ ያንኑ አንቀጽ እስከ ታች አንብቢው፤ ገደብም አለው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 492 በሃይማኖት ሥርዓት ላይ በአደባባይ ማላገጥን ያስቀጣል። የሱ ነገር እዚያ የሚደርስ አይመስለኝም። ግን አያት በአንቀጽ ይታረቃሉ እንዴ?

ሰሚራ፦ እኔ ሙስሊም ነኝ። በኢማሙ ጠባይ እንስቃለን፣ ለምን እዋሻለሁ። አዛኑን መቀለጃ ካደረግከው ግን ስልኬን እዘጋለሁ። ፖሊስ አልጠራም፤ እዘጋለሁ።

የድሮ ቆሎ ተማሪ፦ ወንድሜ፣ ሳቅ ለቤተ ክህነት ባዳ አይደለም። አለቃ ገብረ ሃና ሊቅ ነበሩ፤ ቀልዳቸው ይኸው እስከ ዛሬ ይወራል። እኛም ቅኔ ቤት የኔታን በሰምና ወርቅ ሸንቆጥ ሳናደርግ አላደግንም። የምንሸነቁጠው ግን ሰውየውን ነው። እግዚኦታ የጨነቀ ቀን የሚባል ነገር ነው። አያትህ መቼ እንዳሉት ጠይቀሃቸዋል?

የጉለሌው፦ ዛሬ ጠየቅኳቸው። በ77ቱ ድርቅ ወሎ ነበሩ። «ስንት ቀን እንዳልነው እንጃ፤ ዝናቡ ግን አልመጣም» ብለው ወሬ ቀየሩ። ቪዲዮዋን አውርጃታለሁ። ተሳዳቢዎቹ የራሳቸው ጉዳይ። ቀልዷን እንደ አዲስ እየሠራኋት ነው፤ ኔትወርክ የጠፋበት ሰውየ አሁን ጣሪያ ላይ ወጥቶ ስልኩን ወደ ሰማይ ይዘረጋል፣ ያለ ምህላ። አያቴን መሰላሉን ይያዙልኝ ብላቸው «ዞር በል ከዚህ!» አሉኝ። መቋሚያውም ገና አልጋ ሥር ነው።