ላንድክሩዘር 60ን ቆርጦ ፒካፕ ማድረግ ያዋጣል?

ባለ60፦ ሰላም ጓዶች፣ ላንድክሩዘር 60 አለኝ። 2ኤች ናፍጣ ሞተሩ እስካሁን እሳት ነው፣ የኋላ ቦዲው ግን በዝገት አልቋል። ከፊት በሩ ጀርባ አስቆርጬ ለገጠር መንገድ ፒካፕ ላሠራው ነው። ምን ትላላችሁ?

ባሌስትራ፦ ሻንሲው (ቦዲው የተቀመጠበት የብረት ፍሬም) ከቦዲው የተለየ ስለሆነ ይሆናል። መጀመሪያ ሻንሲውን በመዶሻ ነካ ነካ አድርገው፤ የታፈነ ድምፅ ከሰጠ ዝገት በልቶታል፣ ይቅርብህ።

በያጁ፦ ጣሪያው ከመቆረጡ በፊት የበሮቹን ክፍተት በቱቦላሬ ወጥረህ ያዘው፣ አለዚያ ካቢኑ ይዛባና በሩ አልዘጋ ይልሃል። ጀርባውን በላሜራ ብቻ እንዳትደፍነው። የጭነት ሳጥኑን ደግሞ ከሻንሲው ጋር በብሎንና በጎማ እሰረው እንጂ አትበይደው ወንድሜ፣ ኮረኮንቹ ሻንሲውን ሲጠመዝዘው ብየዳው ይሰነጠቃል።

የቦሎ ሰው፦ ፒካፕ ሲሆን ሊብሬውስ? ሳትቆርጠው መንገድ ትራንስፖርት ሄደህ ጠይቅ።

ባለ60፦ እሱን አላሰብኩትም ነበር፣ ሰኞ እሄዳለሁ።