ክርክር፦ በራሪ ወረቀታችን ላይ «ድባቴ በዘር ይተላለፋል» ብለን እንጻፍ?

ጸሐፊው፦ ቅዳሜ በእድራችን ስብሰባ የተጀመረው ሙግት እዚህ ይቀጥል፤ አዳራሹ ውስጥ የተሰማው ማይክሮፎን የያዘው ሰው ብቻ ነበር። ላልነበራችሁ፦ ስለ ድባቴ ለአባላት የምንበትነው ወረቀት ሁለተኛ መስመሩ ላይ «ድባቴ በዘር የሚተላለፍ ሕመም ነው» ይላል። ግማሹ ይቆይ፣ ግማሹ ይውጣ አለ። እኔ ይቆይ ካሉት ወገን ነበርኩ፤ አሁን ልቤ ተከፍሏል። ማተሚያ ቤቱ ለሐሙስ ይፈልገዋል።

መድኃኒት ቤት፦ ይቆይ። ከመደርደሪያ ጀርባ ቆሜ ሃያ ዓመት የሰማሁትን ልንገራችሁ፦ «ስንፍና ነው»፣ «ጥጋብ ነው»፣ «እምነቱ ቀዝቅዞ ነው»። ሰው ከአልጋው መነሳት ሲያቅተው በጠባዩ ይፈረድበታል። ስኳር በዘር ይመጣል ሲባል የሚያፍር የለም። በመንታዎች ላይ የተሠሩ ጥናቶች በ2000 እ.ኤ.አ. ተሰብስበው ሲመዘኑ የድባቴ ተወራሽነት 37 በመቶ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። ይህን እያወቅን ለምን እንደብቃለን?

የአዘዞዋ፦ ጋሼ፣ እርስዎ «ዘር» ሲሉ ስኳር ይታይዎታል። ሽማግሌ የሚታየው ሌላ ነው። የአክስቴን ልጅ ሊያጩ የመጡ ዕለት ቡናውን የማፈላው እኔ ነበርኩ። ቶናው ላይ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጭራውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ «እናቲቱ ተኝታ የከረመችው በምን ነበር?» አለ። ሌላ ምንም አልጠየቀም። አክስቴ ከወለደች በኋላ ዓመት ያህል ከሰው ተለይታ ነበር፤ ድናለች፤ ዛሬ ገበያ ወጥታ ትነግዳለች። ሰዎቹ በረካውን ሳይጠጡ ተነሱ፤ ተመልሰውም አልመጡ። አሁን ያንን ጥያቄ በእድሩ ማኅተም አትማችሁ ቤት ለቤት ልትበትኑት ነው?

መድኃኒት ቤት፦ ያ የሽማግሌው አለማወቅ እንጂ የሳይንሱ ጥፋት አይደለም።

የአዘዞዋ፦ ወረቀቱ የሚደርሰውስ ለማን ነው? ለሳይንሱ?

ተለማማጅ ሐኪም፦ ቁጥሩን ላስተካክል። 37 በመቶ ማለት «ከሕመሜ ሲሶ የሚበልጠው ከእናቴ ነው» ማለት አይደለም። በአንድ ሕዝብ ውስጥ ሰው ከሰው በዚህ ሕመም ከሚለያይበት ምን ያህሉ በዘረመል ልዩነት እንደሚገለጽ የሚናገር ነው፤ ስለ አንዲት ልጅ ዕጣ አይናገርም። አንድ «የድባቴ ዘረመል» የሚባልም የለም። በ2025 እ.ኤ.አ. የታተመ ከ29 አገሮች የተሰበሰበ ጥናት፣ ድባቴ ያለባቸው ከ680,000 በላይ ሰዎች ታይተውበት ወደ 700 የሚጠጉ የዘረመል ልዩነቶችን አግኝቷል፤ እያንዳንዱ የሚጨምረው ስጋት ኢምንት ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. የሴሮቶኒን (በአንጎል ውስጥ መልእክት የሚያመላልስ ኬሚካል ነው) አጓጓዥ ዘረመል አጭር ቅጂ ያለው ሰው መከራ ሲደርስበት ይበልጥ ይታመማል ተብሎ ዓለም አጨብጭቦ ነበር። በ2019 እ.ኤ.አ. እርሱን ጨምሮ 18 ዝነኛ ዘረመሎች በመቶ ሺዎች ሰዎች መረጃ ሲፈተሹ በዘፈቀደ ከተመረጡ ዘረመሎች የሚለዩበት ነገር አልተገኘም።

ምልክቶቹን ደግሞ ተመልከቱ። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ከዘጠኝ ምልክቶች አምስቱን ይጠይቃል፤ ከእነርሱ አንዱ የከፋ ስሜት ወይም ደስታ ማጣት መሆን አለበት። አንድ ማታ በተረኝነት ላይ ቆጠርኩት፤ ሕጉን የሚያሟሉት ጥምረቶች 227 ናቸው። አንዱ እህል አይቀምስም፣ ሌላው ሲበላ ያድራል። ዘረመሉም እዚህ ላይ መንገዱን ይለያል፦ ሲታመሙ የምግብ ፍላጎታቸውና ክብደታቸው የሚጨምር ሰዎች ለውፍረት የሚያጋልጡ ልዩነቶችን በብዛት ይይዛሉ፤ ምግብ የሚዘጋቸው ላይ ግን ይህ አልታየም። ታዲያ «በዘር ይተላለፋል» ስንል የቱን ነው?

ባጃጅ ነጂ፦ ከዘጠኙ ውስጥ የአናት መቃጠል አለ? እናቴ «አናቴን ያቃጥለኛል፣ ልቤን ይጫነኛል» ነበር የምትለው። ከፋኝ ብላ አታውቅም።

ተለማማጅ ሐኪም፦ የለም። እኛ ዘንድ ግን ብዙ ሕመምተኛ የሚጀምረው በዚያ ነው። ዘረመላቸው ከተመረመረላቸው ሰዎች አብዛኞቹ ደግሞ የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ናቸው።

ባጃጅ ነጂ፦ እንግዲያው የሰው አገር ደም መርምረው ያገኙትን እኛ አራዳ ላይ ለምን እንለጥፋለን? የእኔ ዘረመል ካቻምናም ይኸው ነበር፤ ያን ጊዜ ደህና እተኛ ነበር። የተለወጠው መንገዱና የጤፉ ዋጋ ነው።

መድኃኒት ቤት፦ በዚያው መንገድ ላይ ጓደኛህም ነበር። አንተ ታመምክ፣ እርሱ አልታመመም። ልዩነቱ ከየት መጣ?

ባጃጅ ነጂ፦ የእርሱ ባጃጅ የራሱ ነው። የእኔ የኪራይ ነው።

መድኃኒት ቤት፦ ይህችን ተውኩልህ። ግን ዘረመልን ጨርሳችሁ አትጣሉት፤ የእኛው ደም የተመረመረበትም አለ። አሚትሪፕቲሊን የተባለውን የድባቴ መድኃኒት ጉበት ውስጥ ከሚሰባብሩት አንዱ ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባል ኢንዛይም ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው የዚህን ዘረመል ተጨማሪ ቅጂ ይዘው አግኝቷቸዋል። እንዲህ ያለ ሰው ሰውነቱ መድኃኒቱን ቶሎ ያስወግደዋል፤ ለሌላው የሚበቃው መጠን ለእርሱ ላይበቃ ይችላል። እውነቱን ልናገር፦ «መድኃኒቱ አልያዘልኝም» ያለኝን ሁሉ «እየዋጥከው አይደለም» እያልኩ ስቆጣ ኖሬአለሁ። አንድ ሰውዬ ባዶውን ማሸጊያ ከኪሱ አውጥቶ አንድ በአንድ ቆጥሮ አሳይቶኛል። አላመንኩትም።

የአዘዞዋ፦ እንዲህ ያለው ይጻፍ! «መድኃኒቱ ካልያዘላችሁ ሳታቋርጡ ወደ ሐኪም ተመለሱ» በሉ። ይህ ማንንም እጮኛ አያሳጣም።

መሪጌታ፦ ጠበል የገባም ሰው መድኃኒቱን አያቋርጥ የሚለውን ጨምሩበት። ስለ «ዘር» ግን፣ ቃሉ በዚህ ዘመን የተሸከመው በቅቶታል፤ ሕመም አትጫኑበት።

ጸሐፊው፦ እንግዲህ ሁለተኛው መስመር እንዲህ ቢሆንስ? «ድባቴ ሕመም ነው፤ ይታከማል። በቤተሰብ ውስጥ የታመመ ሰው መኖሩ ስጋቱን ከፍ ያደርጋል፤ ብዙዎቹ ዘመዶች ግን አይታመሙም።»

መድኃኒት ቤት፦ እስማማለሁ።

የአዘዞዋ፦ እኔ አልስማማም። «በቤተሰብ» የሚለውንም ሽማግሌው ያነበዋል።

መድኃኒት ቤት፦ ሽማግሌው መነጽሩን ቤት ረስቶ ነው የሚመጣው።

የአዘዞዋ፦ ልጁ ያነብለታል።

ጸሐፊው፦ ሁለቱንም ረቂቅ ይዤ ረቡዕ በአሥራ አንድ ሰዓት የእድሩ ድንኳን ከሚቀመጥበት ቤት እገኛለሁ። እርስዎም ይምጡ፣ አክስትዎንም ፈቃዷ ከሆነ ይዘዋት ይምጡ።