ክርክር፦ የታጠበው እግር ፎቶ ይለጠፍ ወይስ አይለጠፍ?

የሰንበት ትምህርት ቤት አባል፣ ሐዋሳ
በሐምሌ 19 የቅዱስ ገብርኤል በዓል ዋዜማ ከሩቅ በጭቃ የመጡትን ምእመናን እግር በሞቀ ውኃ ስናጥብ አመሸን። በማግስቱ የአንዲት አረጋዊት እናት ፎቶ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር አየሁ። እግራቸው ሳፋ ውስጥ ነው፤ ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነዋል። ብዙ ሰው «ትሕትና ማለት ይህ ነው» ብሎ ጽፎበታል። እኔን ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ክርስቲያናዊ አገልግሎት በፎቶ መታየት አለበትን? ሐሳባችሁን እሻለሁ።

ፎቶ አንሺው
ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ስለሆንኩ ቀድሜ ልመልስ። ለስሜ ብዬ አላደረግሁትም፤ ስሜም መልኬም የለበትም። አምና ምንም ፎቶ አላወጣንም፤ በግቢው ላደሩት የተገኘው ብርድ ልብስ ሃያ አልሞላም። ዘንድሮ ፎቶው በወጣ በሁለት ቀን ውስጥ ሠላሳ ብርድ ልብስ የሚገዛ ገንዘብ ደረሰን፤ ለታኅሣሥ 19 እናውለዋለን። መቄዶንያ በ2017 ዓ.ም. ለሕንጻው በቀጥታ ስርጭት እርዳታ ሲጠይቅ፣ አረጋውያኑ ባይታዩ ኖሮ ያን ያህል ሰው እጁን ይዘረጋ ነበር? ጌታስ «ብርሃናችሁ በሰው ፊት ይብራ» አላለምን? ብርድ ለሚያንቀጠቅጠው ሰው የእኔ መደበቅ ምን ይጠቅመዋል?

ጡረተኛ መምህር
ልጄ፣ ያው ጌታ በዚያው በተራራው ስብከት ላይ ስለ ምጽዋት ሲናገር «ቀኝ እጅህ የምትሠራውን ግራ እጅህ አትወቅ» ብሏል። ክብርት ዶክተር አበበች ጎበና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ሄደው፣ በድርቁ መካከል ያገኟቸውን ሁለት ሕፃናት ይዘው ሲመለሱ ፎቶ አንሺ አስከትለው አልነበረም። ሥራቸው የታወቀው ልጆቹን ካሳደጉ በኋላ ነው።

ነርስ፣ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ምእመን
የሁለታችሁም ክርክር ስለ አጣቢው ነው፤ ይታይ ወይስ ይሰወር እያላችሁ። ስለ ታጣቢዋ እናት ግን እስካሁን የተናገረ የለም። እኔ በሥራዬ የሰው ገላ አጥባለሁ፤ ከሳሙናው በፊት የምስበው መጋረጃውን ነው። ታማሚው ራሱን ስቶ ቢሆን እንኳ መጋረጃው ይሳባል።

ዮሐንስ 13ን እንደገና አንብቡት። ጴጥሮስ «አንተ የእኔን እግር ታጥባለህን?» ብሎ እምቢ ሲል፣ ኢየሱስ እግሩን ጎትቶ ሳፋው ውስጥ አልነከረም። ቆሞ አነጋገረው፣ አስረዳው። ጴጥሮስ ራሱ «እጄንና ራሴንም» እስኪል ድረስ ታገሠው። ጌታ የሆነው የባሪያውን ፈቃድ ጠበቀ! ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው የሳቡት እናትስ? እርሳቸውም እምቢ ማለታቸው ነበር፤ ማንም ግን ቆሞ አላነጋገራቸውም።

ደግሞም ትእዛዙ «እርስ በርሳችሁ» የሚል ነው። ማጠብ ለእኛ ይቀለናል፤ ካጠብን በኋላ ልባችን ሞልቶ ወደ ቤት እንገባለን። እግራችንን ዘርግተን መታጠብ ግን ያሳፍረናል፣ ጴጥሮስንም የከበደው እርሱ ነው። እኚያ እናት በቋጠሯቸው ውስጥ ዳቦ ቆሎ ይዘው መጥተው ይሆናል። ከእጃቸው ዘግኖ የበላ ማን ነው? ከየት እንደመጡ የጠየቃቸው ማን ነው? ሁልጊዜ ሰጪ ብቻ ሆኖ መገኘት ከፍ ያለ ወንበር ነው፤ በጉልበታችን ተንበርክከንም ልንቀመጥበት እንችላለን። ይህን የምለው በራሴ ላይ ስላየሁት ነው። ታምሜ በተኛሁ ጊዜ የሥራ ባልደረባዬ ልታጥበኝ ስትመጣ አልቅሼ ከልክያታለሁ።

የሕግ ባለሙያ
አጭር ነገር ልጨምር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 27 ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የሰው ፎቶግራፍ በአደባባይ እንዳይታይና እንዳይባዛ ይደነግጋል። ለበጎ ሥራ መዋሉ ብቻውን ፈቃድን አይተካም።

የሰንበት ትምህርት ቤት አባል
እኅቴ፣ የጻፍሽውን ካነበብኩ በኋላ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። እናታችን ነጠላውን ሲስቡ አጠገባቸው ነበርኩ። ብርዷቸው መስሎኝ ነበር። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅሁም። ወንድሜ፣ ክርክሩ ይቆየን፤ መጀመሪያ ፎቶው ይውረድ።

ፎቶ አንሺው
አውርጄዋለሁ። ለሌሎች የተላለፈውን ግን መመለስ አልችልም፤ ይህ ከብዶኛል። እኔም ብርድ ነው ብዬ ነበር፤ «እናቴ፣ ላንሳዎት?» ለማለት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ሆኖም አገልግሎት ፈጽሞ አይታይ በሚለው አሁንም አልስማማም። ሳፋውን፣ የእኛን እጅ፣ የተከመረውን ብርድ ልብስ ማሳየት ይቻላል፤ ፈቅዶ የሚታይም ሰው አለ። ሠላሳው ደግሞ ለታኅሣሥ አይበቃም። ያለ ፎቶ ከየት እንደሚገኝ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

ጡረተኛ መምህር
ከእኔ ቤት ሁለት አለ፣ አንዱ ገና ያልተነካ ነው። ማን መጥቶ ይወስደዋል?