አካፋይና ተካፋይ ተምታቱብን፤ ነገ ፈተና ነው!

የማሙሽ እናት፦ እባካችሁ ቶሎ በሉልኝ! ልጄ ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ይፈተናል። «12 ሲካፈል ለ3፣ ተካፋዩ ማነው?» ለሚለው 3 ብሎ ጽፎ በቀይ ኤክስ ተደርጎበት መጣ። እኔም 3 ባይ ነኝ። 12 ብርቱካን ለ3 ልጆች ቢሰጥ ተካፋዮቹ ልጆቹ አይደሉም እንዴ? አራት ኪሎ መብራት የለም፣ ስልኬ 8 ፐርሰንት ነው።

የፒያሳ ልጅ፦ 12 ተካፋይ፣ 3 አካፋይ፣ 4 ድርሻ። አለቀ።

ጡረተኛው፦ የኔ ልጅ፣ እንዲህ በአጭሩ አያልቅም። በሰዋስው አድራጊና ተደራጊ የሚባል አለ። ቆረጠ አድራጊ ነው፣ ተቆረጠ ተደራጊ። ይቺ «ተ» ግን ሁለት ሥራ አላት። «12 ለ3 ተካፈለ» ስንል ነገሩ የደረሰው 12 ላይ ነው። «ልጆቹ ብርቱካኑን ተካፈሉ» ስንል ግን ድርሻ የወሰዱት ልጆቹ ናቸው። ሒሳብ የያዘው የመጀመሪያውን ነው፣ ማሙሽ ሁለተኛውን። ልጅሽ አማርኛው ልክ ነው!

ባለ ጀበናዋ፦ እኔ ተካፋይ የሚል ቃል የማውቀው ሰርግ ጥሪ ላይ ነው። «የደስታችን ተካፋይ ይሁኑ» ሲሉኝ 12 ነኝ ማለት ነው? 😂

የማሙሽ እናት፦ ኧረ ቀልዱን ተዉት! መምህሯ ናት የተሳሳተችው ወይስ እኛ?

የልደታው፦ እህቴ፣ መምህሯ ልክ ናት። የተጠየቀው ስለ ቁጥሮቹ እንጂ ስለ ልጆቹ አይደለም። ፍርድ ቤት በር ላይ የቆመ ሰው ይሄን አይስተውም፦ ከሳሽ ይከሳል፣ ተከሳሽ ይከሰሳል። ተካፋይም የሚቆራረጠው ነው። በክፍልፋይ ከመጣ ላዕሉ፣ ማለትም የላይኛው ቁጥር፣ ተካፋይ፤ ታሕቱ፣ ማለትም የታችኛው፣ አካፋይ። ዜሮ ተካፋይ ይሆናል፣ አካፋይ ግን በጭራሽ። ከተጠራጠረ አካፋዩን በድርሻው አባዝቶ ቀሪውን ይደምር። 17 ለ5 ከሆነ 5 በ3 15፣ ቀሪ 2፣ ድምር 17። ተካፋዩ ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

የፒያሳ ልጅ፦ እኮ! 12 ተካፋይ ብያለሁ እኮ ከመጀመሪያው።

ጡረተኛው፦ የኔ ልጅ፣ ማሙሽ ገባው?

ጡረተኛው፦ አለሽ?

ባለ ጀበናዋ፦ ስልኳ ዘግቶ ይሆናል ጋሼ። አራት ኪሎ ያላችሁ፣ መብራት መጣ እንዴ?